ዎከር የወለደው ሕዝብ

ጥር 28፣ ከምሳ በኋላ

ዛሬ የእንግሊዝን ሕዝብ በሙሉ አነበብኩት።

እሺ፣ በሙሉ አይደለም። ዎከር የሚባሉትን። እነሱንም የሦስት ወር ብቻ። የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ ገና ጂ ፊደል ላይ ነበርኩ። ቢሆንም ከከዚራ ሰፈር ጎሚስታዎች መሀል ጎማ እየለጠፈ እዚህ የደረሰ ካለ ይምጣና ይሞግተኝ። እኔ ማንበብ ከተማርኩበት የማታ ትምህርት የተመረቅኩት ገና ባለፈው ወር ነው።

ደብተሬ፣ አንተ አዲስ ስለሆንክ ከላይ ልጀምርልህ። ልጄ ሰላም የሐረሩን ልጅ ናሆምን ልታገባ ነው። ትናንት ሽማግሌ መጣ። አለቃቸው አቶ ለገሠ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የለገሃር ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ። በዚህ ሙቀት ክራባት! እንደ ደንቡ ሰባት ቤት ይቆጠር አሉ፣ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ። ቆጠርኩ። ሰላም፣ እኔ ወንድወሰን፣ እናቴ ትርሲት፣ የእናቴ አባት ሄንሪ ዎከር። እንግሊዛዊ። በጦርነቱ ጊዜ ድሬዳዋ ገብቶ እዚሁ የቀረ። እዚህ ላይ እንደ ልማዴ ድምፄን ከፍ አድርጌ ካፒቴን ነበር አልኩ። እማዬ ከጓዳ ሆና የጭነት መኪና መካኒክ ነበር ብላ አረመችኝ።

ቀጥሎ እነሱ ቆጠሩ። ናሆም፣ አባቱ፣ አያቱ እማማ ሮዛ፣ የእማማ ሮዛ አባት... አርተር ዎከር። እሱም እንግሊዛዊ!

አቶ ለገሠ መነጽራቸውን አወለቁ። ሄንሪ የዎከር ልጅ፣ አርተርም የዎከር ልጅ፤ ወንድማማች ናቸው፤ ልጆቹ በአምስተኛው ቤት ይገናኛሉ፤ ጋብቻው አይሆንም አሉ። ያቀረብነውን ለስላሳ እንኳ ሳይጨርሱ ተነሱ።

ሰላም ከክፍሏ አልወጣችም። እስካሁን።

ጥር 29፣ ረፋድ

ሥራ የለም። ሁለት ባጃጅ ነፋሁ፣ በቃ። ስለዚህ ንባብ።

ማውጫውን ያሳየችኝ አስተማሪዬ መ/ርት ፈቲያ ናት፣ የመጋላ ሰፈር ልጅ። እንግሊዞች የሚወለደውን ሁሉ በየሦስት ወሩ እየመዘገቡ፣ ስሙን በፊደል ተራ ደርድረው አስቀምጠዋል። በስልክ ይታያል። ዕቅዴ ቀላል ነበር፦ ዎከርን አግኝ፣ ስንት ወንድ ልጅ እንደወለደ ቁጠር፣ አርተር ከሌለበት ተገላገልክ።

ቆጠርኩ። ኧረ ጉድ! ይህ ሰውዬ በሦስት ወር ብቻ የወለደው ስታዲየም ይሞላል። ሊድስ ወልዷል። ለንደን ወልዷል። ብሪስቶል ወልዷል። አርተር ብቻውን ስንትና ስንት ነው፤ ሄንሪማ አይወራም። ቅድመ አያቴ መሆኑን ሳስብ መጀመሪያ ኮራሁ። ከዚያ ደከመኝ። ሥራ አልነበረውም እንዴ ይሄ ሰው?

ከሰዓት ለመ/ርት ፈቲያ ነገርኳት። ሳቀች። ሻሿ እስኪወርድ ሳቀች። ግድግዳ ይዛ ሳቀች።

"ወላሂ ጋሽ ወንዴ ትገድለኛለህ! ዎከር እኮ አንድ ሰው አይደለም። የቤት ስም ነው። ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳል።"

ታዲያ የአባታቸው ስም የት ይገባል አልኩ። ማውጫው ላይ የለም አለች፤ ሙሉው የልደት ወረቀት ላይ ነው ያለው። የአባቱን ስም ትቶ የቤት ስም የሚጠራ ሕዝብ ያን ሁሉ አገር እንዴት ገዛ?

የካቲት 1

አቶ ለገሠ ዘንድ ሄድኩ። የቤት ስም መሆኑን አስረዳሁ። ድሮም ያውቁት እንደነበር ነገሩኝ። አያውቁም ነበር፤ ጆሯቸው ቀላ።

ግን ጠንካራ ሰው ናቸው። ተነስተው ሻንጣ ከፈቱ፣ ከእማማ ሮዛ የተቀበሉትን፣ በታይፕ የተጻፈ የአርተርን የልደት ወረቀት አወጡ። አባቱ ኤድዊን ዎከር ይላል። ያንተው ሄንሪስ የማን ልጅ ነው? እሱም የኤድዊን ከሆነ ነገሩ አለቀ። ካልሆነ ወረቀት አምጣ። የኪዳነ ምሕረት ማግስት ሽማግሌዎቹን ይዤ እመጣለሁ አሉ።

በአፌ ላስረዳ ስል፣ "አፍ አይበቃም። በተለይ ያንተ አፍ" አሉኝ።

ደብተሬ፣ እጅ ነስቼ ወጣሁ። እኔ! እጅ ነስቼ!

የካቲት 3፣ ማለዳ

እማዬን መመርመር። ሄንሪ የተወለደበት ዓመት መቃብሩ ላይ ስላለ እሱን እናውቃለን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ግን በዚያ ዓመት የተወለደው ሄንሪ ዎከር ብዙ ነው። የኛን ከነሱ መሀል በምን እንለየው?

የተወለደበትን ቀን ጠየቅኳት። አላመነታችም። የቁልቢ ገብርኤል ዕለት ነው፤ ታኅሣሥ 19። ተሳላሚው በለገሃር በኩል ሲተም እያየ፣ "ይህ ሁሉ ሰው የሚሄደው ለኔ ልደት ነው" ይል ነበር። (ጉራው ከየት እንደመጣብኝ አሁን ገባኝ።)

ሌላስ? ሌላ የለም። ጉልበቷን አሸች። አንዲት ፍየል ነበረችን አለች። ገደል ካልገባች የማትመለስ እልከኛ። አባቴ ሆብሰን ይላታል። ለምን ስለው፣ የእናቴ ወገን ሆብሰን ነው፣ ቁጭ እነሱን ናት ይላል።

ጭንቅላቷን ሳምኩ። ለካ ማውጫው ከልጁ ስም አጠገብ እናቱ ሳታገባ የነበራትን የቤት ስም ይጽፋል! አባት ቢደብቁም እናት አልደበቁም። ሆብሰን የሚል ሄንሪ ብቻ መፈለግ ነው።

ፍየል ሆይ፣ ነፍስሽን ይማር።

የካቲት 5

የለም።

ታኅሣሥ 19 በነሱ የታኅሣሥ መጨረሻ ነው። የዓመቱን የመጨረሻ ሦስት ወር ከላይ እስከ ታች አየሁት። ሁለቴ። ሄንሪው ሞልቷል። የአንዱ እናት ስሚዝ፣ የአንዱ ዉድ፣ የአንዱ ሼፐርድ። ሆብሰን የለም።

ሰላም ምሳ አልበላችም። ነገ አገኘዋለሁ፣ እንግሊዝን ገልብጬ አራግፋታለሁ አልኳት። ዓይኔን እያየች፣ "አባዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታጋንን ንገረኝ። ታገኘዋለህ?" አለች።

አላውቅም አልኳት።

አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ከዚህ ሁሉ ጉራዬ ይልቅ ያቺ አላውቅም ሳትሻላት አልቀረችም። ይገርማል። አሁንም ግን ሆብሰን የለም።

የካቲት 7፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት

አገኘሁት!!

ቀስ። በተራ። ጠዋት አንድ ባለባጃጅ ጎማ ሊያስለጥፍ መጣ፣ ይራገማል። ለልጁ የልደት ካርድ ሊያወጣ ቀበሌ ሲመላለስ ከርሟል። ልጅቷ አራተኛ ክፍል ናት። አቦ፣ አሥር ዓመት ምን ስትጠብቅ ነበር አልኩት። ማን ጠይቆኝ አለ። ጎማውን ውሃ ውስጥ እየነከርኩ አረፋ ስፈልግ፣ እጄ እዚያው ቀረ። የተወለደችበት ቀንና የተጻፈችበት ቀን አንድ አይደለም!

ጎማውን ጥዬ ደወልኩ። መ/ርት ፈቲያ አጣርታ መልሳ ደወለች። እውነት ነው፤ ማውጫው የሚከተለው የተጻፈበትን ጊዜ ነው፤ ወላጅ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ማስመዝገብ ይችላል። በታኅሣሥ መጨረሻ የተወለደ ሕፃን በዚያ ብርድ ማን ይዞት ይወጣል? ቀጣዩ ዓመት ላይ ነው የሚጻፈው!

የቀጣዩን ዓመት የመጀመሪያ ሦስት ወር ከፈትኩ። ጣቴ ግራሶ ነው፣ ስክሪኑ አይታዘዝም። ዎከር፣ ሃና። ዎከር፣ ሃሮልድ። ዎከር፣ ሄንሪ፤ እናቱ ዴቪስ። ዎከር፣ ሄንሪ፤ እናቱ...

ሆብሰን። ሼፊልድ።

አንድ ብቻ። ጮህኩ። የሰፈሩ ባጃጅ ሁሉ ቆመ። (ሦስት ቆመ።) ባለባጃጁ ጎማዬስ ይላል። በነጻ ለጠፍኩለት።

ሰላም የጥራዙንና የገጹን ቁጥር ከማውጫው ላይ ገልብጣ ሙሉውን ወረቀት በስልኳ አዘዘች። አባትየው ኤድዊን ቢሆንስ? ሁለታችንም አሰብነው።

የካቲት 15

ወረቀቱ በኢሜይል መጣ። ሰላም ሳትከፍተው ወደ ሱቄ ሮጠች። አንተ ክፈተው አለችኝ።

የተወለደበት ቀን፦ ቁልቢ ገብርኤል። (በነሱ ቋንቋ እንዲያ አይልም፣ ግን ያው ነው።) እናት፦ ኤለን ዎከር፣ የቀድሞዋ ሆብሰን። አባት፦ ጆሴፍ።

ጆሴፍ! ሥራው ከሰል ቆፋሪ። ሎርድ ቢሆን አልጠላም ነበር። ግን ጆሴፍ! ሰላም የጎማ ክምር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ የማስቲሹ ሽታ ነው።

የካቲት 17፣ ከሰዓት

ሽማግሌዎቹ መጡ። ዛሬ እማማ ሮዛም አብረው፣ በከዘራ። ወረቀቱን አሳትሜ ፕላስቲክ ውስጥ ከትቻለሁ። አቶ ለገሠ በለገሃር ዘመናቸው ፈረንሳይኛ ነው የተማሩት፤ የታተመውን ፊደል ይለያሉ፣ የእጅ ጽሑፉን አይችሉትም። ስለዚህ አንባቢው እኔ። ከወንበሬ ተነስቼ አነበብኩ። እሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ ጆሴፍ የሚለው ላይ ሲደርሱ "ጆዜፍ" ብለው አረጋገጡ።

ከታች በኩል የእናትየዋ ስም ያለበት ላይ ጣታቸው ቆመ። ይቺ ምልክት ምንድናት አሉ። ፊርማዋ ናት አልኩ፤ የትልልቅ ሰው ፊርማ አጭር ነው። አንገታቸውን ነቀነቁ። የተማረ ቤተሰብ ነው ማለት ነው አሉ። እኔም ነቀነቅኩ።

አለቀ ስንል አላለቀም። ጆዜፍና ኤድዊን ራሳቸው ወንድማማች ቢሆኑስ አሉ። ሰባት ቤት እንጂ አምስት አልተባለም። የሰላም ፊት ዐመድ መሰለ።

እማማ ሮዛ በከዘራቸው ወለሉን መቱ።

"አንተ ለገሠ! አባቴን የማውቀው እኔ ነኝ። አርተር የባሕር ጠረፍ ልጅ ነው፣ አባቱም ዓሣ አጥማጅ። ይሄ ደግሞ ከመሬት ሆድ ከሰል የሚያወጣ። በየት ይገናኛሉ?"

ባቡር አለ አሉ አቶ ለገሠ። ዕድሜ ልካቸውን ለገሃር የሠሩ ሰው! በየጣቢያው ሚስት ያለው ስንት አይቻለሁ አሉ።

"ያየኸውን ለራስህ ያዝ! አምስቱን ቤት በወረቀት ቆጥረሃል፤ ሁለቱን ለእግዜር ተውለት። እኔ ሳልሞት ሠርጉን ልይበት!"

እማዬ ከጓዳ እልል አለች። ከዚያ ሁሉም። አቶ ለገሠ ክራባታቸውን ፈታ አደረጉ። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ።

የካቲት 18፣ ጠዋት

ሱቅ አልከፈትኩም። ሰላም ከናሆም ጋር አዳራሽ ልታይ ሄዳለች፣ ስትወጣ ታንጎራጉራለች።

ደብተሬ፣ እስካሁን የጻፍኩልህ ሁሉ እውነት ነው። የዋሸሁበትን ወይ እማዬ አርማዋለች፣ ወይ ራሴ በቅንፍ አርሜዋለሁ። ያልታረመ አንድ ነገር ቀርቷል።

ያቺ ምልክት። አቶ ለገሠ በዚያ ክራባታቸው ሲያዩኝ አፈርኩ። በኤለን አይደለም ያፈርኩት። ...አዎ፣ በሷ ነው።

ፊርማ አይደለችም። ሁለት ጭረት ናት፣ የተመሳቀለች። አጠገቧ መዝጋቢው በራሱ እጅ "የኤለን ዎከር ምልክት፣ እናት" ብሎ ጽፎላታል። የትልልቅ ሰው ፊርማ አጭር ነው ያልኩት ከራሴ ነው። ኤለን መጻፍ አትችልም ነበር።