ማክሰኞ የምትመጣው ሴት

ዓርብ፣ ኅዳር 10

ቁጥሩ ልክ አይደለም። ሦስት ጊዜ ለካሁት፤ ያው ነው። ወይዘሮ የሺመቤት በየማታው የምትውጠው የጡት ነቀርሳ ክኒን ለስምንት ወር በየማክሰኞው ጠዋት በምቀዳው ደሟ ውስጥ አይገኝም ነበር። ቶሎ ስለሚጠፋ መጠኑን እጥፍ አድርጌላታለሁ። ካለፉት ስድስት ሳምንታት ወዲህ ግን ሞልቶ ይገኛል።

ሰውነት መድኃኒትን የሚያስወግድበት ፍጥነት እንደ ዓይን ቀለም ከወላጅ የሚወረስ ነው። በመሀል አይለወጥም። ሃያ ዓመት የለፋሁት ይህን ለማሳየት ነው። ሲኒማ ራስ ጀርባ ይህችን የደም መመርመሪያ ክፍል የተከራየሁትም ለዚሁ ነው።

ነርሷን ዘነበችን የደም ጠርሙስ አቀያይረሻል ብዬ ጮኽኩባት። «እኔ ጠርሙስ አላቀያይርም፣ ጋሼ። ሴትዮዋ ተቀይራ እንደሆነ እንጃ» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

ሌላ መድኃኒት ጀምራ እንደሆነ ልጠይቃት መርካቶ፣ በርበሬ የምትሸጥበት በርበሬ በረንዳ ሄድኩ። መደቧ በጆንያ ተሸፍኗል። ጎረቤቷ ጋሽ ሙሄ በርበሬ እየመዘነ፣ «የሺመቤት? አርባዋ እኮ ወጣ፣ ዶክተር። ቀብሯ ላይም አጣሁዎት» አለኝ።

«ማክሰኞ ደም ሰጥታኛለች» አልኩት።

«የሞተ ሰው ደም ከሰጠማ በርበሬም ይገዛኝ ነበር።» ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ተወው። «የምርዎን ነው?»

እሑድ፣ ኅዳር 12

ከቤት አልወጣሁም። ስለ የሺመቤት የማውቀው፦ የክንዷ ደም ሥር ወፍራም ነው። ትስላለች። ነጠላዋ በርበሬ በርበሬ ይላል። ስጠይቃት «ደህና ነኝ» ትላለች።

ፊቷን አላውቀውም። እንደ በርበሬ ነጋዴዎቹ ሁሉ እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነው የምትመጣው። ለአሥር ወር ያህል ያየሁት ክንድ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 13

ዘነበችን የተለየ ነገር አይተሽባት ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። አሰበችና፣ «ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነው የምትለብሰው። ጥለቱ አንገቷ ላይ ነው። ሐዘን ላይ ናት ብዬ ነበር» አለች።

ከመቼ ጀምሮ?

«ስድስት ሳምንት ይሆናል።»

የሞተች ሴት ለራሷ ሐዘን ተቀምጣ እየመጣች ነው። የደሟን ጠርሙስ ላነሳው ብዬ እጄን መለስኩ። ሳላስበው አማተብኩ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ያፈርኩበትን ያህል ተናደድኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ሦስት ሰዓት ላይ መጣች። በርበሬው ቀድሟት ገባ። ተቀመጠች፤ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ክንዷን ዘረጋች። መርፌውን አላነሳሁም።

«ስምሽ ማን ነው?»

«የሺመቤት።»

«የሺመቤት ሞታለች።»

ዘነበች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ሴትዮዋ ነጠላውን ከፊቷ አወረደች። ከሠላሳ ዓመት አትዘልም።

«ደስታ እባላለሁ። እህቷ ነኝ። ነጠላውም የእሷ ነው። እኔም ጡቴ ላይ እንደ ሽምብራ ያለ አለ። እርስዎ በርዎ ላይ የሆስፒታል ካርድ የሌላት አትግባ ብለው ጽፈዋል። ሞቷ ሲደርስ ካርዱን በእጄ አስጨብጣ፣ ማክሰኞ እንዳይቀርብሽ አለችኝ።»

ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባለጌ ጽሑፍ ነው።

መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ሁለት እህቶች፣ አንዷ መድኃኒቱን ቶሎ የምታጠፋ፣ ሌላዋ የምታቆይ። የተለወጠችው ሴትዮዋ እንጂ ፍጥነቱ አይደለም፤ ስፈልገው የኖርኩት ማስረጃ። ከዚያ ገባኝ። ይህች የማታጠፋውን ክኒን በእጥፍ ስትውጥ ከርማለች። ለዚያውም እብጠቱን ማንም ሐኪም ሳያየው።

«እግርሽን አሳዪኝ።»

ግራው እስከ ጉልበቷ አብጦ ተወጣጥሯል። ክኒኑ ሲበዛ ደም ያረጋል፤ ይህም ረግቶ ይሆናል። ክኒኑን ቀማኋት። በደስታ ስም ደብዳቤ ጽፌ ከዘነበች ጋር በታክሲ ወደ ሆስፒታል ላክኋት። የእህቷን ካርድ ግን አልወሰድኩባትም። የሟች ስጦታ ነው ብዬ ራራሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት። ዘነበች ደወለች። አስተኝተዋታል። ዘነበች መዝገብ ቤት ስትሰለፍ ደስታ ፈርታ የእህቷን ካርድ አውጥታ ሰጥታቸዋለች። ስም ሲጠይቋት፣ የሺመቤት ብላለች። የማታውን ክኒን በካርዱ መሠረት አዘውላታል፤ እጥፉን።

«ብነግራቸው ሐኪሙ ራሱ ይምጣ አሉኝ፣ ጋሼ። ደብዳቤው ላይ ያለው ስም ሌላ ሰው ነው ይላሉ።»

«ክኒኑ የሚታደለው ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥራ ሁለት።»

«እጇን ያዢና አትልቀቂ» አልኳት።

ኮቴን ለብሻለሁ። አብነት ሰፈር ድረስ መንገዱ በጭነት መኪና ተዘግቷል፤ በእግሬ ልሄድ ነው። እዚያ ደርሼ የሞተችው የሺመቤት፣ በሕይወት ያለችው ደስታ መሆኗን እፈርማለሁ። ጠረጴዛው ላይ የቀረው ያለፈው ማክሰኞ የደም ጠርሙስ አሁንም የእህቷን ስም እንደያዘ ነው። ስመለስ ደስታ ብዬ እጽፍበታለሁ።