የዛፉ ድርሻ

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 12፣ ማሻ

ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ ወዲህ አባባ ማር ወደ ቤት አያስገባም። ዕድሜውን በሙሉ ጫካ ውስጥ ቀፎ ሲሰቅል የኖረ ሰው፣ በእኔ ምክንያት ማሩን ጎረቤት ቤት ያስቀምጣል። ይህ ያናድደኛል። ዛሬ "እኔም አብሬህ ጫካ እወጣለሁ" ያልኩት በእልህ ነው።

ጠዋት ኢንሱሊኔን ተወጋሁ፤ ቁርሴን ግን በችኮላ ነካ ነካ አድርጌ ተውኩት። አባባ ዛፉ ላይ ሆኖ ቀፎውን በጭስ ሲያጥን፣ እኔን ከታች ላብ አጠመቀኝ፤ ዓይኔ ጨለመ፤ የንቦቹ ድምፅ ራቀኝ። ከረሜላዬን ቦርሳዬ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

"አባባ፣ ስኳሬ ወረደ!"

በዚያ ዕድሜው የማር እንጀራ ይዞ ከዛፉ ላይ እንዴት ወርዶ እንደደረሰልኝ አላውቅም። በእኛ ወግ የመጀመሪያው የማር እንጀራ የዛፉ ነው፤ ከግንዱ ሥር ሳይቀመጥ ማንም አይቀምስም። አባባ ይህን ሕግ ሲያፈርስ አይቼው አላውቅም። ዛሬ ያንኑ ቆርሶ አፌ ውስጥ ከተተው።

"የዛፉስ?" አልኩት።

"ዛፉ ይታገሠኛል። አንቺ ዋጪ!"

ጥቂት ቆይቶ ዓይኔ በራ፤ የንቦቹ ድምፅ እንደገና ተሰማኝ። እንደ መርዝ የሸሸሁት ነገር ነፍሴን መለሰልኝ። ቀና ብዬ ዛፉን አየሁት። ጫፉ አይታይም። እንዲህ ትልቅ መሆኑን እስከ ዛሬ እንዴት አላየሁም?

አባባ ሁለተኛውን የማር እንጀራ ከግንዱ ሥር አኖረ። ባርኔጣውን አውልቆ በቋንቋችን ማንሾካሾክ ጀመረ። ዛፉን ይቅርታ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ ግን ስሜን እየነገረው ነበር።