ዘቅዝቄ ያነበብኩት

ናዝሬት፣ መጋቢት 1979 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ነጋሳ፣

የደብዳቤ ወግ «እንደምን ሰነበትክ» ማለት ነበር። አልልህም። እንደሌለህ አውቃለሁ። ቀበሌውም ያውቃል፣ ጎረቤቱም ያውቃል፤ እኔ ማወቄን ግን ማንም አያውቅም። መርዶው እስኪመጣ ደህና ሰው መስዬ ተቀምጫለሁ። ጎረቤቶቹ ልከውባት እህትህ ጤናዬ ከአርሲ ነገሌ እየመጣች ነው። ሆዷ ገፍቷል። የወንድሟን ሞት አውቶቡስ ላይ፣ የሚይዛት ሰው በሌለበት እንዳትሰማ ብዬ አፌን ይዣለሁ። ሆድ ይፍጀው።

እንዴት እንዳወቅኩ ልንገርህ። ጥፋቱ የአንተው ነው፤ ማን ማንበብ አስተምር አለህ?

ሰባተኛ ክፍል ሳለህ ያ የኅብረተሰብ ትምህርት አስተማሪህ መምህር ሰንበታ፣ «ከሰፈሩ አንድ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ላስተማረ ተጨማሪ ነጥብ አለው» ብሎ ለቤት ሥራ ሰጣችሁ። አንተ ገና ከበር ስትገባ እኔን አየኸኝ። ከመቂ የመጣ ሽንኩርት ስመዝን ውዬ ወገቤ ተቆርጧል። «ሂድና ሌላ መሃይም ፈልግ» አልኩህ። «እማዬ፣ ካንቺ የበለጠ ከየት አመጣለሁ?» አልከኝ። ሳቄ አመለጠኝና ተሸነፍኩ።

መብራቱ አንድ፣ ጠረጴዛው አንድ፣ መጽሐፉም አንድ። አንተ የሳይንስ የቤት ሥራህን ለመሥራት መጽሐፉን ወደ ራስህ አዙረህ፣ እኔ ማዶ ተቀምጬ፣ በእስክሪብቶህ ጫፍ እየነካህ ታሳየኛለህ። ፊደሉን ሁሉ የተማርኩት ተዘቅዝቆ ነው። አንድ ቀን መጽሐፉን ብትሰጠኝ ገልብጬ ያዝኩት፤ «እማዬ፣ ዘቀዘቅሽው እኮ!» ብለህ በሳቅ ተንከባለልክ። መጻፉን እጄን ይዘህ በደንቡ አስለመድከኝ፤ ንባቡ ግን እስከ ዛሬ የሚቀናኝ ዘቅዝቄ ነው። «ልብ አራት ክፍል አላት» የሚለውን ባነበብኩ ጊዜ፣ «እኛ በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ታፍነን እሷ አራት?» ብዬ መቆጣቴ ትዝ ይልሃል?

አስተማሪህ ግን ቃልህን አላመነም። «ሴትዮዋን አምጣና ክፍል ፊት ታንብብ» አለ። እኔ ደግሞ ከማታው መሠረተ ትምህርት ለመቅረት ቀበሌ ሄጄ «ዓይኔ ፊደል አይለይም» ብዬ ነበር። ተማሪ ፊት ባነብ ወሬው ቀበሌ ሊደርስ፣ ከቀበሌ ሱቅ ስኳሬን ሊከለክሉኝ! ሞቼ ነው የምሄደው አልኩ። ነጥቡን አጣህ። ታኮርፈኛለህ ብዬ ስጠብቅ፣ «ነጥቡ ይቅርብኝ፤ አንቺ ግን እንዳታቆሚ» አልከኝ። አፈር ልሁንልህ፣ እንዲህ ያልክ ልጅ ነህ። ጤናዬም ያኔ ባሏ ቤት ነበረች፤ ማንበቤን ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም።

ከመናኸሪያ ለውትድርና አፍሰው ከወሰዱህ ወዲህ በየሰኞው ቀበሌ እየሄድኩ እጠይቃለሁ። ባለፈው ሰኞ ስገባ ሊቀመንበሩ ጓድ ራህመቶ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቶ ያነባል። ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ። ወረቀቱን ግን አላነሳውም፤ ለምን ብሎ? እኔ ለእሱ አሻራዋን የምታትም ሴት ነኝ።

«ምን ወሬ አለ ጓድ?» አልኩት።

«ደህና ነው እትዬ አሳየች፤ አይጨነቁ። ከግንባር ፖስታ ስለሚዘገይ ነው።»

እሱ ይህን ሲል ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ነው። ጽሑፉ ወደ እሱ ዞሯል፤ ለእኔ ግን እንደ ልማዴ ነው። ነ። ጋ። ሳ። ቀጥሎ የአባትህ ስም። ዝቅ ብሎ «ተሰውቷል» ይላል። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና ፊደል በፊደል ሄድኩበት። ያው ነው። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። እሱ ሮጦ ወንበር አቀረበልኝና «ጾሙ ነው?» አለኝ። «ጾሙ ነው» አልኩት።

አልተቀየምኩትም። መርዶ እኮ በቀትር፣ በቢሮ፣ ብቻዋን ለቆመች ሴት አይነገርም። በማለዳ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ከጎን ቆሞ። ሰውየው ወጉን ጠበቀ፤ ከወጉ የቀደምኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ማር ሆነ። በፍሳሽ ተጣልተን ዓመት ሙሉ ያልተነጋገርናት ጎረቤታችን ዲንቄ በነጋታው በኦሮምኛዋ «አካም ቡልቴ፣ አሳዩ!» ብላ እንደምን አደርሽ ልትለኝ ገባች። ሽንኩርት ልላጥልሽ ብላ ተቀመጠች። አንገቷን ደፍታለች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። «ምነው?» ብላት «ሽንኩርቱ ነው» አትለኝም! ለእኔ፣ ለሽንኩርት ነጋዴ! ቢላዋው ገና አልነካውም እኮ። ልስቅም ልጮህም አማረኝ። «ተይው፣ ክፉ ሽንኩርት ነው» አልኳት።

የሚያቃጥለኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የማለቅስበት ቦታ የለኝም። ሽንት ቤት ገብቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ አልቅሼ እወጣለሁ። የገዛ ልጄን ሞት እንደ ሌባ ደብቄ እዞራለሁ። ምነው ባላስተማርከኝ እላለሁ። ደግሞ መለስ ብዬ፣ ይህን ሳምንት እኮ ሰው ሳይገባብን አንተና እኔ ብቻ ነን እላለሁ። ነገ አገሩ ሁሉ ይካፈልሃል።

እዚህ ላይ ብዕሬን ጣል አድርጌ ነበር፤ ጤናዬ ደረሰች። እናትሽ አሟታል ብለው ነው ያመጧት። እግሯ አብጧል። አገላብጣ አየችኝና «ምን ሆንሽ? ደህና ነሽ እኮ!» ብላ ሳቀች። ዲንቄ ዛሬ እናንተ ጋ አድራለሁ አለች፤ ነገ ማለዳ መርዶውን ይዘው እንደሚመጡ ያኔ ገባኝ።

«ነጋሳ ጻፈ?» አለችኝ ጤናዬ።

«ጽፏል» አልኳት።

«ምን አለ?»

«ወንድ ከወለድሽ ስሙን የማወጣው እኔ ነኝ አለ።»

«ይሄ ጉረኛ!» አለችና ደስ ብሏት ሆዷን ዳሰሰች። አሁን አልጋዬ ላይ ጋደም ብላለች።

ነገ ሲመጡ ሰፈሩን የሚያናውጥ ጩኸት እጮህልሃለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ የተጠራቀመ ነው፣ ማስመሰል አያስፈልገኝም። ቃሌ ነው። ዛሬን ግን ታገሰኝ ልጄ። ይህችን አንዲት ሌሊት ወንድም ይኑራት።

እናትህ
አሳየች