ፋሲካን የጾመችው እህቴ

ስንዱዬ፣ የኔ ዓለም፣

ከተለየሽኝ እነሆ ዓመት ሞላ። ዘነበወርቅ ያለችው ቤታችን እንደነበረች ናት፤ ከፊት ለፊታችን ፎቅ ተሠርቶ የጠዋት ፀሐያችንን ወሰደብን እንጂ። እሑድ እሑድ ከሰዓት የማነብልሽን ያንን አሮጌ ልብ ወለድ ሳንጨርሰው ነበር የሄድሽው። ባለፈው ወር ብቻዬን ጨረስኩት።

የመጻተኛው ሰውዬ መጨረሻ አላማረም። ያ ሁሉ መንደርተኛ በደጁ እያለፈ፣ ቤቱ ገብቶ ውኃ እንኳ የቀመሰለት ሳይኖር ሞተ። አንዱ ሆዴን አሞኛል ይለዋል፣ ሌላው በልቼ ነው የመጣሁት። እኔ እያነበብኩ በንዴት ስጦፍ አንቺ ትስቂብኝ ነበር። ተዋቸው፣ የማያውቁትን ፈርተው እኮ ነው ትዪኛለሽ። ይህን የምትዪው አንቺ ነሽ፤ በልጅነትሽ ሥጋ ደዌ ይዞሽ፣ ድነሽ ከሆስፒታል ብትወጪም ጣቶችሽን አይተው የገዛ ዘመዶችሽ ፊት የነሱሽ።

እህቴ አልማዝስ ብትሆን? ቤታችን በመጣች ቁጥር ጾመኛ ነበረች። ማክሰኞም ጾም፣ ቅዳሜም ጾም። ለፋሲካ ዶሮው ቀርቦ ጾም ነኝ ስትል እንግዳው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። እኔ አፌን ልከፍት ስል ቀደምሽኝ፤ ስለት አለባት፣ አታስገድዷት ብለሽ ሰዉን ዝም አሰኘሽው። ከእጅሽ እንዳትበላ የምትሸሽሽን ሴት ከእፍረት አዳንሻት። እኔ ማንን እንዳገባሁ እስከ ዛሬ በቅጡ አልገባኝም። አሁንም ሳስበው እጄን በአፌ እጭናለሁ።

እኔ ግን እንዳንቺ አይደለሁም፤ ቂም ይዤባታለሁ። ለሙት ዓመትሽ ከመጣች ከደጅ እመልሳታለሁ ብዬ ምዬ ነበር።

መጣች። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ቀና ብላም አላየችኝ።

"አንድ ቀን እንኳ ከእጇ ሳልጎርስ" አለችና እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

ደግፌ አስገባኋት፤ የቀረበላትን እያለቀሰች በላች። አጠገቧ የተቀመጡ የእድራችን ሴትዮ፣ ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው እንዲህ የምታለቅሰው ብለው ጠየቁኝ። ሰዉም ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ስንዱዬ፣ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ በጣም ይዋደዱ ነበር አልኳቸው።

እንዳንቺ ለመሆን የቀረኝ ዕድሜ አይበቃኝም። ሰው ፊቴ ባፈረ ቁጥር ግን አስታውስሻለሁ።

ያንቺው