በባናው ውስጥ የገባው ክር

ሰኞ

ዛሬም የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። ሽማኔው ጋሽ ደምሴ የባናውን፣ የወፍራሙን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ድር ዘርግተው ማግ ይጠብቃሉ፤ የእኔ እንዝርት ግን አይሞላም። አንጋፋዋ ፈታይ እትዬ ጥሩ «ይቺ ልጅ እንዝርቱን ታባብለዋለች እንጂ አትፈትልም» ሲሉ ፈታዮቹ ሁሉ ሳቁ። አጠገቤ የምትፈትለው ሀያት ብቻ አልሳቀችም። ከራሷ ልቃቂት ከፍላ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ማክሰኞ

ቡናማ ሹራቤን ተረተርኩት። የፋብሪካ ክር ነው። ከበግ ጠጉሩ ጋር አብሬ ፈተልኩት፤ ቀለሙ አንድ ስለሆነ አይለይም። ጥቂት ብቻ ብዬ ነበር የጀመርኩት። እጅጌው አለቀ።

ጋሽ ደምሴ «ጎሽ! እጅሽ ተፍታታ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ነው የሚያሳፍረኝ።

ረቡዕ

ሁለተኛውም እጅጌ፣ ጀርባውም። ሀያት አየችኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምንም።»

ወደ እንዝርቷ ተመለሰች። ከወለጋ ተፈናቅለው ከመጡ ወዲህ እሷና እናቷ መጠለያው ውስጥ ናቸው። ከዚህ ሥራ ሌላ የላቸውም፤ ነገር አትፈልግም።

ዓርብ

ባናው ተሸምኖ አለቀ። ለሙሽራ የታዘዘ ነው። እንደ ሁልጊዜው ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረን ረገጥነው። የበግ ጠጉር ሲረገጥ ይሰበሰባል፣ ይጠብቃል። የሹራቤ ክር አልተሰበሰበም። ባናው መሃል ለመሃል አበጠ፣ ተጨማደደ። እንዴት ይህን አላሰብኩም?

ጋሽ ደምሴ አንድ ክር መዘው በክብሪት ለኮሱት። እንደ ፌስታል ቀለጠ።

«ይሄ የማን ነው?»

እትዬ ጥሩ ወደ እኔ እያዩ «ከዚህች ልቃቂት ነው። ግን ሀያት ክር ስትሰጣት አይቻለሁ» አሉ።

«ሀያት የሰጠችሽ ነው?»

ራሴን ወደ ታች ነቀነቅኩ። አንድ ቃል እንኳን አላወጣሁም፤ በቃ፣ ነቀነቅኩ።

«ወላሂ እኔ አይደለሁም!» አለች ሀያት። ጋሽ ደምሴ ከሥራ አስወጧት።

እሑድ

ከዓርብ ወዲህ አልተኛሁም። ባናው ተበላሸ። የሙሽራዋ ቤተሰብ ጋሽ ደምሴን ሰው ፊት አዋርደዋቸው ሄዱ። መጠለያው ድረስ ሄጄ ሀያትን «ይቅር በይኝ» አልኳት።

«እዚህ ማን ይሰማሻል? አጭበርባሪ የተባልኩት እነሱ ፊት ነው። እዚያ ተናገሪው።»

ሰው ፊት መናገር እንደማልችል ታውቃለች። አልራራችልኝም። ልክ ናት።

ሰኞ

አብራኝ መጣች፤ በሩ ላይ ቆመች። ተናገርኩ።

«ምን አለች? ኧረ ጮክ በይ፣ አልሰማንም!» አሉ እትዬ ጥሩ።

እንደገና ተናገርኩ። «ክሩ የእኔ ሹራብ ነው። ሀያት አልሰጠችኝም። ዋሸሁ።»

እንዝርቱ ሁሉ ቆመ። ጋሽ ደምሴ እኔን «አንቺ ሂጂ» አሉኝ። ሀያትን ግን «ግቢ ልጄ፣ በረደሽ» አሏት።

ገባች። ዞር ብላ አላየችኝም።

አገር ቤት፣ ጎረቤላ ላለችው እናቴ ሥራ አጣሁ ብዬ እንዴት እንደምነግራት አላውቅም። ግን ዛሬ የምተኛ ይመስለኛል።