ትኩሳቴን የጠቀሱ ሊቃውንት

ለቀድሞው ባለቤቴ፣

እንደምን ከርመሃል? ጨጓራህስ ተሻለህ? አዲሷ ባለቤትህስ ደህና ናት? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው፤ የመጋረጃ ጨርቁን ከጎን ወዳለው ክፍል አስፋፍቼዋለሁ። እናትህን ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ዓርብ እንደምትሸለም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። «የልጄን የመካንነት ጥናት ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሊቃውንት ጠቅሰውታል» አሉኝ፣ አንድ በአንድ የቆጠሯቸው ይመስል። እንኳን ደስ ያለዎት ብያቸው አለፍኩ።

ይህን የምጽፍልህ ተናድጄ አይደለም። ንዴቱ ከአራት ወር በፊት ወጥቶልኛል።

ያኔ አንዲት ሴት የሳሎን መጋረጃ ልታሰፋ መጣች። የመስኮቷን ልክ የጻፈችበትን ወረቀት ሰጠችኝ። ሳገላብጠው ጀርባው ሐኪሟ የሰጣት የአንተ ጥናት ገጽ ነው፤ የጠዋት የሰውነት ሙቀት መስመር የተሳለበት። ምንድነው ብላት፣ «ተዪው እትዬ፣ ሁለተኛው ሙቀት የሚሉት ነው። ወሩ ሊያልቅ ሲል ሙቀትሽ እንደገና ይጨምራል፣ የምታረግዢው ያኔ ነው አሉኝ። ሌላውን ሕክምና ትቼ እሱን አምስት ዓመት ጠበቅሁ። ባቡር እንኳ እንዲህ አይዘገይም» ብላ ሳቀች። ከዚያ አርባ ሁለት ዓመት እንደሞላት ነገረችኝና ሳቋን አቆመች።

እኔ ወረቀቱን እያየሁ ነበር። ከሱቄ የወጣ ጨርቅ የሰው መስኮት ላይ ተሰቅሎ ሳየው አውቀዋለሁ። ያንንም መስመር አወቅሁት።

ማስታወሻዬን ታስታውሳለህ፤ «የወሬ መዝገብ» እያልክ የምትስቅበትን። የሱቁ ቧንቧ ፈንድቶ የራሱትን የጨርቅ ጣቃዎች ስሸከም የዋልኩበት ቀን እዚያ ተጽፏል። ወሩ ሊያልቅ ሲል ነበር፤ በማግስቱ ጉንፋን ጣለኝ። አንተ በየጠዋቱ ከአልጋ ሳትነሺ ሙቀትሽን ለኪ ብለኸኝ ስለነበር፣ በትኩሳትም ለካሁ፤ አራቱም ጠዋት ተጽፏል፣ አንተም ቁጥሩን ከዚያ ገልብጠህ ወስደሃል። በዚያው ወር በአሥራ አንደኛው ቀን ቴርሞሜትሩ ከእጄ ወድቆ ተሰብሮ ሳልለካ ቀርቻለሁ። እሱም ተጽፏል።

ጥናትህን ፈልጌ ሙሉውን አገኘሁት። ከአርባዎቹ ሴቶች ዘጠኙ፣ አሥራ አንደኛው ቀናቸው ባዶ ነው። አንተ ሰው፣ ዘጠኝ ሴቶች በአንድ ቀን ቴርሞሜትር ይሰብራሉ? ዕድሜያቸውን ለያይተሃል፣ ቁጥር ሰጥተሃቸዋል፣ ከአንዷ ትንሽ ቀንሰህ ለአንዷ ትንሽ ጨምረሃል። ጉንፋኔን ግን አልፈወስከውም፤ አራቱ ጠዋት ዘጠኙም ላይ አሉ። ያ ሁሉ ሊቅ የሚጠቅሰው ሁለተኛ ሙቀት፣ የቧንቧ ውሃ ያመጣብኝ ትኩሳት ነው።

ይህንኑ ልነግርህ ስደውል፣ «አንቺ ጨርቅሽን ለኪ፣ ሳይንሱን ለእኛ ተዪው» አልከኝ። እሺ አልኩህ። እሺ ያልኩህ ስልኩን ለመዝጋት ነው። ድሮ ወንድሞቼ ፊት ያንኑ የሙቀት መስመር ዘርግተህ «ችግሩ ከእሷ ነው፣ መረጃው ይናገራል» ብለህ ስትፈታኝም ልብሴን ሸክፌ ወጥቻለሁ። በማላውቀው ዕቃ አልከራከርም። አሁን ግን ዕቃውን አወቅሁት።

ስለዚህ ገጾቹን ፎቶ አንስቼ ጥናትህን ላወጣው መጽሔት ላክሁ። አዘጋጇ ዋናውን ማስታወሻ ልየው አለች፤ ይዤላት ሄድኩ። እያንዳንዱን ገጽ ሁለት ሁለት ጊዜ አገላበጠች። በዚህ ሳምንት የዘጠኙን ሴቶች የሐኪም ቤት ካርድ ትጠይቅሃለች። ከየት ታመጣለህ? ካርዱ ካልቀረበ ጥናቱ ይሰረዛል፣ ለጠቀሱት ሁሉም በየስማቸው ይጻፍላቸዋል ብላኛለች። የሽልማት ኮሚቴውም ግልባጩ ደርሶታል። ለዓርብ ሙሉ ልብስህን አስተኩሰህ ከሆነ ሰቅለህ አቆየው።

ለዚያች ደንበኛዬ ስል ነው ብልህ ደስ ባለኝ ነበር። ውሸት ይሆናል፤ ለራሴ ነው ያደረግሁት። እሷን ሌላ ሐኪም ጋ ወስጃታለሁ፣ መጋረጃዋንም ራሴ ሄጄ ሰቅዬላታለሁ። አምስቱን ዓመት ግን አንተም እኔም አንመልስላትም።

እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥህ። ዓይንህንም ይጠብቅልህ፤ ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱ ስምህን ከየጽሑፋቸው ሲፍቁ፣ አንዱም ሳታነበው እንዳያመልጥህ።

ከታች ለተዝረከረከው ቀለም ይቅርታ አድርግልኝ። የእኔ እጅ አይደለም። ቀለሙ ሳይደርቅ ልጄ በመዳፏ መታችው፤ ጥርስ እያወጣች ስለሆነ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ትጎትታለች።

የቀድሞ ባለቤትህ