ፕሉሜሪያዬ ተኝታለች እንጂ አልሞተችም

ወንድሜ፣

ታክሲው ውጭ ክላክስ እያደረገ ስለሆነ ጽሕፈቴን ታገሰኝ። አክስታችን ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ስለተደረገች፣ በእግሯ እስክትቆም እሷ ጋ ነኝ።

ሳሎን ጥግ ላይ የቆመችው እንጨት ፕሉሜሪያ የምትባለው አበባዬ ናት። ብርዱ እስኪያልፍ ቅጠሏን አራግፋ ተኝታለች፤ እንዳትጥላት።
ውሃ አታጠጣት። በፍጹም!
የሻይ ትራፊም ቢሆን። (የምትደፋባት አንተ እንደሆንክ አውቃለሁ።)
መስኮቱ ጋም አታስጠጋት፣ ብርድ ይመታታል።

ግንዷ ላይ የምታየው ጭረት ሁሉ የእኔ ነው። አበባ ሻጯ "ከተጠራጠርሽ በጥፍርሽ ትንሽ ጫር አድርጊያት፤ ውስጧ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለች" ስትለኝ፣ አንዴ ማለቷ ነበር። እኔ ግን በየጠዋቱ ፊቴን እንኳን ሳልታጠብ እየጫርኳት "አለሽ?" እላታለሁ። እንዲህ ያለች አስታማሚ ጤነኛውንም ትገድላለች። ለአክስታችን እግዜር ይድረስላት!

ከሥራ ከወጣህ ወዲህ የአንተንም በር በየጠዋቱ እየደበደብኩ "እህ፣ ደወሉልህ? አገኘህ?" ስል መክረሜ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ትዝ አለኝ።
ያው እንግዲህ...
ሰውዬው ክላክሱን ሊሰብረው ነው።

ምግብ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ባሰኘህ ሰዓት ተነስተህ ብላ።
ስደውል ስለ ፕሉሜሪያዬ አልጠይቅህም። ስለ ሌላውም አልጠይቅህም።
ጥፍሬን ቆርጫለሁ።

እህትህ